ሙሉ ስም ከነአያት

ሰኞ፣ 4

የሕንፃችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆንኩ። ፈልጌ አይደለም። የቀድሞዋ ጸሐፊ ልጇ ዘንድ ልትኖር ሌላ ከተማ ገብታለች። ሊቀመንበሩ ደረጃው ላይ ሰዉን ሰብስበው «ማን ይተካት?» ሲሉ ሁሉም የየራሱን ጫማ መመልከት ጀመረ። እኔ ያን ሰዓት የተሰፋ መጋረጃ ተሸክሜ በመሃላቸው እያለፍኩ ነበር። ቆም አልኩ። መቆም አልነበረብኝም።

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሕንፃው በሙሉ ጋሼ ሹፌሩ ይላቸዋል። «አንቺ እጅሽ ንጹሕ ነው፣ ጽሕፈትሽም ያምራል» አሉኝ። ጽሕፈቴን አይተውት አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊፍታችን ከቆመ ከርሟል። የሚጠግነው ድርጅት ምዝገባው ካልታደሰ ማኅበር ጋር ውል አልፈርምም ብሏል። የምዝገባ ቢሮው ደግሞ እስከ መጪው ወር አጋማሽ የአባላት መዝገብና የጉባኤ ቃለ ጉባኤ ካላቀረባችሁ ከመዝገብ ትሰረዛላችሁ የሚል ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ለጥፏል። ከተሰረዝን እንደ አዲስ መቋቋም ነው። እሱ ደግሞ የዓመት ሥራ ነው ይላሉ።

አምስተኛ ፎቅ ላለነው ለእኔና ለባለቤቴ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ሁሉም ይጠቀማል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ከአዳር ስትመለስ እግሯን እየጎተተች ነው የምትወጣው።

ሐሙስ፣ 7

ቢሮው ሄድኩ። መዝጋቢዋ ልጅ እግር ናት፤ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን እየጠረገች የቀድሞዋ ጸሐፊ የተወችልኝን መዝገብ ገለጠችው። አንድ ገጽ አነበበች። ሌላ ገጽ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር።

«‹የመንታዎቹ እናት ስለ ውሃው አነሡ። ነርሷ ደገፈቻቸው። ኮስታራው ተቃወመ።›» አለች። «ኮስታራው ማነው?»

«ምድር ቤት ያለው ነው» አልኩ።

«ስሙን ነው የጠየቅኩዎት።»

አላውቀውም። ስንት ዓመት አብረን ኖረን አላውቀውም! የአባላት መዝገቡም ያው ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቅጽል ስም። ፊርማው እንኳ «ስለ ነርሷ» ተብሎ ነው የተፈረመው። የቀድሞዋ ጸሐፊ ክፋት የላትም፤ የምታውቀንን ነው የጻፈችው። ማንም ደግሞ አላረማትም፣ ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንጠራራው።

«እናቴ፣ በሕግ ፊት ኮስታራው የሚባል ሰው የለም» አለች መዝጋቢዋ። ሳቄ መጣ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። «የእያንዳንዱ ባለቤት ሙሉ ስም ከነአያት፣ የቤቱ ካርታ ቅጂ፣ ከዚያ ደግሞ አዲስ ጠቅላላ ጉባኤ። ከባለቤቶቹ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ በአካል ይገኛሉ። እኔም መጥቼ እታዘባለሁ።»

ቅዳሜ፣ 9

በር ለበር ዞርኩ። ያየኋቸውን መስኮቶች ሁሉ በልኬት አውቃቸዋለሁ፤ የማን ሳሎን ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበላ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እናገራለሁ። ስም ግን ባዶ ነኝ።

የመንታዎቹ እናት ስማቸውን ሲነግሩኝ እንደ ማፈር አሉ። «ማንም ጠርቶኝ አያውቅምኮ ልጄ» አሉ። በጣም የሚያምር ስም ነው። መንታዎቹ አሁን ጺማቸው ደረታቸው ደርሷል፣ አንደኛው የባንክ ሠራተኛ ነው፣ እኛ ግን እናትየውን አሁንም በነሱ ነው የምንጠራቸው።

ነርሷ ካርታዋን ፍሪጅ ላይ በማግኔት ለጥፋዋለች። «እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው» አለች። የቲማቲም ድልህ ፈንጥቆበታል።

ማክሰኞ፣ 12

ሩጫ። ለአንድ ክሊኒክ የምሰፋው መጋረጃ ዛሬ ይደርሳል ብዬ ነበር። አልደረሰም። ነጭ ክር አለቀ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት የለም። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ተጣሉ፣ እኔ በመሃል። ለባለቤቴ ምሳ አስረፈድኩበት። የቀዘቀዘውን በላ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ 13

ደረጃው ላይ ድምፅ ሰማሁ። አንዷ ለሌላዋ «እሷማ ለባሏ ብላ ነው እንጂ ለኛ አስባ መሰለሽ?» ስትል።

ለባሌ ቢሆንስ? ባሌ ሰው አይደለም? አውቶቡስ ጣቢያው ላይ «ወደ ሰሜን የምትሄዱ ተሳፋሪዎች» እያለ ሲጣራ ድፍን ከተማ ያወቀው ሰው ነው። እዚህ ሕንፃ ውስጥም መረዋው ነው የሚሉት። ስብሰባ ሲኖር ከበራችን ሆኖ አንድ ጊዜ ሲጠራ ምድር ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ግራ እጁና ግራ እግሩ ይሰንፋሉ፣ ቃሉም ይቆራረጣል። ከሆስፒታል ሲመለስ ሰዎች በወንበር ተሸክመው ነው አምስተኛ ፎቅ ያወጡት። ያን ቀን «ዳግመኛ... እንደ ሶፋ... አልሸከምም» አለ፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ፊዚዮቴራፒስቷ ቤት ድረስ ትመጣለች፤ ግን ዋናዎቹ መሣሪያዎች እሷ የምትሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ናቸው። «ዋናው ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ እየከበደ ይሄዳል» ብላኛለች። ዓመቱ እየሄደ ነው።

እና ለባሌ ነው። ይሁን።

እሑድ፣ 17

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኮስታራው ነው፣ የዳማ ገበታውን በብብቱ ይዞ። «ነቅቷል?» አለ። «ተኝቷል» አልኩት። «ሁልጊዜ ነው የሚተኛው» አለና ወረደ።

ተኝቶ አልነበረም። ሶፋው ላይ ነበር፣ ፀጉሩ ተንጨባርሮ፣ ሸሚዙ ላይ ሾርባ ፈሶበት። በዚያ ሁኔታ ለሰው አላሳየውም። ድሮ ከንፈሩን እንኳ ሳይጠርግ በር የማይከፍት ሰው።

«ማ... ማነው?» አለኝ።

«ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው» አልኩት።

በእሑድ። ምን ነካኝ፣ በእሑድ ማን ቆጣሪ ያነባል? ወደ በሩ አየ። ሸሚዙን ቀየርኩለት።

ሰኞ፣ 18

ኮስታራው ዘንድ ወረድኩ፣ ስሙን ልጽፍ። ከበሩ አላሳለፈኝም። «እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ሊፍት ምን ይሠራልኛል? ከወለል ወደ ወለል ልሂድበት?»

«ስምህን ብቻ ስጠኝ፣ ስብሰባው ላይ ተቃወም» አልኩት።

«ስሜን ባልሽ ያውቀዋል። እሱን ጠይቂው» አለና በሩን ዘጋው።

አቤት ንቀት! ምን አድርጌዋለሁ? ሌሎቹ ሁሉ ሰጥተውኛል። እሱ ብቻ ለምን ይከለክለኛል? ማታ ባለቤቴን ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለምን ጠየቅሽ ቢለኝ ነገሩ ይረዝማል።

ዓርብ፣ 22

ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

መዝጋቢዋ ስሞቹን ከካርታዎቹ ጋር ስታመሳክር የኛ ላይ ቆመች። «ይህ ቤት በባለቤትዎ ስም ብቻ ነው» አለች። «እርስዎ ጸሐፊ መሆን ይችላሉ፣ ድምፅ ግን የለዎትም። ጉባኤው ላይ ሊቆጠሩ የሚችሉት እሳቸው ናቸው።»

«እሱ ታሟል» አልኩ።

«እንግዲያው ውክልና ይስጡዎት።»

«እሺ፣ ይስጠኝ።»

«ለመስጠት ግን በአካል መቅረብ አለባቸው።»

«እንዲቀርብ ሊፍት ያስፈልገዋልኮ የኔ ልጅ። ለሊፍቱ ምዝገባ፣ ለምዝገባው ውክልና፣ ለውክልናው ሊፍት!»

ይህን ጊዜ እሷም ሳቀች፣ እኔ ግን አለቀስኩ። መሃረብ ሰጠችኝ፤ ውሃም ቀዳችልኝ። ቤት ድረስ የሚመጣ የውክልና ሠራተኛ አለ፣ ወረፋው ግን ቀነ ገደቡን ያልፋል። ቁጭ ብለን ደመርን፦ አንዳንዶቹ ባለቤቶች ቤታቸውን አከራይተው ሩቅ ናቸው፣ አይደርሱም። ከቀሩት ባለቤቴም ኮስታራውም ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም። ሁለቱም መገኘት አለባቸው። ከአንደኛው ጋር አልነጋገርም፣ ሁለተኛው አይወርድም።

እሑድ፣ 24

አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? ባንተ ምክንያት ሕንፃው ሊሰረዝ ነው ልበለው?

ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ነበር። እያሠራችው ሳለ «ትናንት ምን በሉ?» አለችው። «ሩ...» ሲል «ሩዝ በአትክልት» አልኩላት። «እግርዎስ?» አለችው። «ደ...» ሲል «ደህና ነው፣ ሌሊት ብቻ ትንሽ ይቆረጥመዋል» አልኩ። በር ላይ ስሸኛት በለሆሳስ «እናቴ፣ ቃሉን ባይጨርሱለት ጥሩ ነው። ከሰውም ጋር ያውራ፣ ከእርስዎ ጋር ብቻ አይሆንም» አለችኝ።

ለሷ ቀላል ነው። መጥታ ትሄዳለች። ሰው እየጠበቀው ሲያምጥ ማየቱን እሷ ምን ታውቃለች? እኔ የምጨርስለት እንዳይደክመው ብዬ ነው።

ረቡዕ፣ 27

ጋሼ ሹፌሩ ድምፃቸውን መቀነስ አያውቁም፣ ዕድሜ ልካቸውን ከሞተር ጋር ሲፎካከሩ የኖሩ ናቸው። በራችን ላይ ቆመው «ታዲያ ምን ይሻለናል? እሱ ካልወረደ ጉባኤው አይሞላም ማለት ነው?» ሲሉ ቤቱ በሙሉ አስተጋባ። በእጄ አፋቸውን ልይዝ ምንም አልቀረኝም።

ስገባ ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ስብሰባው... የት ነው?» አለኝ።

«ምድር ቤት ነው፣ አንተ አታስብ፣ እኔ...»

«ይውጡ።»

አንዲት ቃል ናት። የምጨርስለት ነገር አልነበራትም።

«እዚህ? አምስተኛ ፎቅ? ማን ይወጣል?»

«አንቺ... ትወጪ የለ!»

እውነቱን ነው። ዘምቢልና መጋረጃ ተሸክሜ በየቀኑ እወጣለሁ።

«ሰው ያይሃልኮ» አልኩት። ይህን ለምን እንዳልኩት አላውቅም። እሱ «ይዩኝ» አለ።

ብዙ ሳልተኛ ቆየሁ። እኔ እኮ ማንም እንዲያየው የማይፈልግ መስሎኝ ነበር። ጠይቄው አላውቅም ለካ። ከሆስፒታል በመጣን ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር እኔው ተረጎምኩት፣ ከዚያ በዚያው ቀጠልኩ። ለሱ ብዬ ነው። መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ 30

ማስታወቂያው በየፎቁ ተለጠፈ፤ ከሳምንት በፊት መለጠፍ አለበት ይላል ደንቡ። «የጉባኤው ቦታ፦ አምስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ላይ።» ነርሷ «ወይ ጉድ፣ ወንበር ይዘን ነው የምንወጣው?» አለች። ትራስ ያዙ አልኳት።

የኮስታራውን በእጄ ልሰጠው በሩን አንኳኳሁ። ቆሞ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«አምስተኛ ፎቅ ያደረገው ማነው?»

«እሱ ነው።»

«ተኝቷል አላልሽም?»

ፊቴ ጋለ። «ተነሥቷል» አልኩት።

ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። እመጣለሁም አላለ፣ አልመጣምም አላለ። ኮስታራ ብለው የሰየሙት ወደው አይደለም።

ማክሰኞ፣ 3

የክሊኒኩ መጋረጃ አለቀ! ተመስገን። ጠርዙ አንድ ቦታ ዘሟል፣ ከኔ በቀር ማንም አያየውም። ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ጥሪ አለኝ። መጣ። ከሱ ጋር ሲያወራ እኔ ኩሽና ሆኜ ድስት አጠብኩ፣ ንጹሑን ድስት።

እሑድ፣ 8

እንዳይረሳኝ ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ቃለ ጉባኤው ሌላ ነው፣ ይህ የራሴ ነው፤ እዚህ በለመድኩት ነው የምጠራቸው።

መዝጋቢዋ አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። «ሊፍታችሁ... የት ነው ያለው?» አለች እያለከለከች። ጋሼ ሹፌሩ «ለሱ ነው የተሰበሰብነው» አሏት። ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ እሷም አብራ።

ደረጃው እስከ አራተኛ ፎቅ መታጠፊያ ሞላ። የመንታዎቹ እናት ጉልበታቸውን እያሹ መጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፣ መንታዎቹ ከኋላቸው። ባለቤቴን የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ በራችን መካከል አስቀመጥኩት፤ ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሷል፣ ቁልፎቹን ሁሉ ራሱ ነው የቆለፈው። ከዚያ ነርሷ «መረዋው! አምሮብሃል» አለችው፣ ሁሉም በየተራ እየመጡ ጨበጡት። እኔ ክፍት በር ላይ ብርድ እንዳይመታው ሳስብ ነበር።

ኮስታራው አልነበረም። መዝጋቢዋ ሰዓቷን አየች። ቆጠረች፣ ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ሰው ይጎድላል» አለች። ጋሼ ሹፌሩ በደረጃው መካከል ቁልቁል አጎንብሰው ሊጣሩ ሲሉ ኮቴ ተሰማ። ቀስ ብሎ፣ በየፎቁ እያረፈ። ብቅ ሲል ፊቱ እንደ ወትሮው ነው፤ የዳማ ገበታው ግን በብብቱ ነው። ባለቤቴን ብቻ እያየ «በርህን ዘጋህብኝ ብዬ ነበር» አለው። ባለቤቴ ወደኔ አየ። እኔ ደብተሬን አየሁ።

መዝጋቢዋ ደንቡን ነገረችን፦ እያንዳንዱ ባለቤት ሙሉ ስሙን በራሱ አፍ ይናገራል፣ ጸሐፊዋ ትጽፋለች፣ እሷ ከካርታው ጋር ታመሳክራለች። «ማንም ለማንም አይመልስም» አለች። እኔን ለይታ ባታይም እኔን ያየችኝ መሰለኝ።

ተጀመረ። የመንታዎቹ እናት ስማቸውን ሲናገሩ ደረጃው በሙሉ «ውይ!» አለ፣ የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ኮስታራው የሱን እንደ ስድብ ወረወረው፤ ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደሳቀ ልጻፈው፦ የኮስታራው ስም ትርጉሙ ደስታ ነው፣ የአባቱም የአያቱም ስም እንደዚያው። «ምን ያስቃል?» ብሎ ሲቆጣ ይበልጥ ሳቅን።

ከዚያ «የዚህ ቤት ባለቤት?» አለች መዝጋቢዋ።

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። የመጀመሪያው ፊደል ከንፈሩ ላይ ቀረ። ደግሞ ሞከረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተወጠረ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፣ ስሙ ምላሴ ላይ ነው፤ ከሱ ስም የበለጠ ደጋግሜ የጠራሁት ቃል የለኝም። ከንፈሬን ነከስኩ። ደረጃው ላይ ያ ሁሉ ሰው አንድም አልሳለም። መዝጋቢዋ ብቻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጊዜ አለን፣ አባቴ» አለች።

ስሙን አለ። አረፈ። የአባቱን ስም አለ። የአያቱ ስም ረጅም ነው፣ መካከሉ ላይ ተሰበረበት። ይበቃል ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ የራሱን፣ የአባቱን፣ ከዚያ የአያቱን እየከፈለ፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ አወጣው።

ድሮ ምድር ቤት ድረስ የሚሰማው ድምፅ ዛሬ ከበሩ እስከ ደረጃው ብቻ ነው የደረሰው። ግን ሁላችንም እዚያ ነበርን።

ጻፍኩት። ጽሕፈቴ አላማረም። ሊፍቱን ለማስጠገን የተደረገው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ኮስታራው እጁን ሲያወጣ «እኔ አልሳፈርበትም፣ ይህን ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩለት፣ በሙሉ ስሙ።

ሰዉ ሲበተን ኮስታራው ቀረ። ገበታውን ዘረጉ። ኩሽና ሆኜ «ያንተ... ተራ... አይደለም» ሲል ሰማሁት፤ ሌላው «ድሮም እንዲህ ስታጭበረብር ነው የታመምከው» ሲለው። ሁለቱም ሳቁ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ወጣሁና ሻይ ጨመርኩላቸው።

ማክሰኞ፣ 17

የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ወጣ፣ ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው። መዝጋቢዋ «ከአሁን በኋላ ስብሰባ በተደረገ በሳምንት ውስጥ ቃለ ጉባኤ፣ ቤት ሲሸጥም ሲወረስም ወዲያው ማሳወቅ፣ ሰውም በስሙ መጻፍ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እሺ አልኳት። ወጥቼ ስሄድ ጠርታ «መረዋው እንዴት ናቸው?» አለችኝ። ራሷ ቅጽል ስም ተጋብቶባታል።

ጋሼ ሹፌሩ ከድርጅቱ ጋር ውሉን ፈረሙ። ሁለት ወር ይፈጃል አሉ። ባለቤቴን ስትሮኩ ከመታው ዓመት ሳይሞላ ነው። ደጋግሜ አሰብኩት፣ ይደርሳል።

ሐሙስ፣ 26

የሊፍት ድርጅቱ ቴክኒሻን ሊለካ መጣ። በራችን ክፍት ነበር፤ አሁን አሁን ቀን ቀን ክፍት ነው የምንተወው። ባለቤቴ በምርኩዙ ተደግፎ እስከ ሊፍቱ በር ድረስ ወጣ። ቴክኒሻኑ ሜትሩን ከወለሉ ወደ ላይ እየዘረጋ «አባቴ፣ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» አለው።

«አ...» አለ ባለቤቴ።

«እሱ የሚለው...» ብዬ ጀመርኩ።

ደህናውን እጁን አነሣ። «ቆይ... እኔ... ልናገር።»

ቆየሁ። ቴክኒሻኑም ሜትሩን እንደዘረጋ ቆየ።

«አልቆ... ሲሠራ... መጀመሪያ... የሚወርደው... እኔ ነኝ።»

ቴክኒሻኑ የሥራው ጉዳይ መስሎት እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ከልኬቱ ሥር ጻፈው። እኔም አላረምኩትም።